ሰው ይዘው ይምጡ

ከልደታ ተነሥቶ ሚዛን ተፈሪ ድረስ በሰው እጅ ለሚሄድ ሰላምታ መንገዱ ሩቅ ነውና፣ ሳይደክም ይድረስሽ፣ እንዳለች እህቴ።

እንዴት ሰነበትሽ? ክረምቱን እንዴት አወጣሽው? ሲበርድ የሚቆረጥምሽ ጉልበትሽ እንዴት ነው? ባለቤትሽ ጋሻው ከዚያ ከሚያፍነው ሳል ተገላገለ ወይስ አሁንም ማር እየላሰ ነው? ልጅሽ አምሃ ሥራ ያዘ? ታናሹ ሙሌ ትምህርቱን ገፋበት? ዝናቡስ ጣሪያውን አላፈሰሰባችሁም? እናንተ አገር መቼም ሰማዩ ክዳን የለውም ይባላል። ስለ አንቺ የማስበው ብዙ ነው፤ የማውቀው ግን ትንሽ ነው።

እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ያልኩሽ ደብዳቤ እንዲህ ተብሎ ስለሚጀመር ነው። ወጉን ካደረስኩ ዘንዳ እውነቱን ልጻፍልሽ፤ ደህና አይደለሁም። ዓይኔን ታምሜአለሁ።

በስልክ ያልነገርኩሽ ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። በስልክ ስንገናኝ ሁለት ቃል ሳንነጋገር እንጣላለን። ለፋሲካ ደውለሽ «እታለም፣ አንቺን መቼም ምንም አይጥምሽም» ብለሽ ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው። እውነትሽን ነው፣ አይጥመኝም። ደብዳቤ ግን ጆሮ ላይ አይዘጋም። ብትናደጂ አጣጥፈሽ ታስቀምጪዋለሽ፣ ሲበርድልሽ መልሰሽ ታነሺዋለሽ። ሁመድ ሾፌሩ የጫነውን ኮረሪማ እዚህ ተክለ ሃይማኖት አራግፎ ነገ ባዶ መኪናውን ወደ እናንተ ይመልሳል፤ በእጅሽ ሊያደርስልሽ ወላሂ ብሎ ምሎልኛል። መስመሩ እየወረደ ቢሄድ፣ ፊደሉም አንዱ በአንዱ ላይ ቢወጣ አትሳቂብኝ። ወረቀቱ ላይ የእንጨት ማስመሪያ አስደግፌ ነው የምጽፈው፤ ማስመሪያው ራሱ ጎብጦ ይታየኛል።

ነገሩ የጀመረው ሰኔ ላይ ነው። ከአራተኛ ፎቅ ስወርድ የምይዘው የደረጃው ብረት መሃሉ ላይ ጎብጦ አየሁት። በማግስቱም ጎብጧል፣ በሳልስቱም ጎብጧል። ልጆች ይወድቃሉ ብዬ ለሕንጻችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ለአቶ ወልደ ሚካኤል አመለከትኩ። ይህን ሰውዬ ሳልነግርሽ አልቀረሁም፤ በሩ ከበሬ ፊት ለፊት ነው። ከመንግሥት ሥራ ጡረታ የወጣ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ስለ ቆሻሻ መጣያ እንኳን ሲናገር «በመመሪያው መሠረት» የሚል ሰው። ክር ይዞ መጣና ከላይ እስከ ታች ወጥሮ ለካው። ከዚያ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አውርዶ፣ ደረጃው ላይ በቆመው ሰው ሁሉ ፊት «ወይዘሮ ወለተሰንበት፣ ብረቱ ቀጥ ብሎ ነው የቆመው። የጎበጠ ነገር ካለ ሌላ ቦታ ይፈለግ» አለኝ። ሰው ሳቀ። እኔም ከንዴቴ ብዛት አንቱታውን ረስቼ «የጎበጠውማ የአንተ ወገብ ነው!» ብዬው ገባሁና በሬን ዘጋሁ። ከዚያ ቀን ወዲያ በር ለበር እየኖርን እንደምን አደሩ እንኳን አልተባባልንም።

ብረቱ ደህና፣ እኔ ግን ደህና አለመሆኔን የነገረኝ ዳዊቴ ነው። ማታ ማታ አንድ መዝሙር አነብ የለ? ከቃሉ መሃል ፊደል ይጎድልብኝ ጀመር። ዳርና ዳሩ አለ፣ መሃሉ ጭስ ነው። አንቺ ፊደል የቆጠርሽው በልጅነትሽ ስለሆነ ይህ ምን እንደሚያደርግ አይገባሽም። ለአንቺ ፊደል እንደ ጥርስሽ አብሮሽ ያደገ ነው። እኔ ከሃምሳ ዓመቴ በኋላ፣ ቀን በርበሬ ስሸጥ ውዬ፣ ማታ የሚያቃጥል ጣቴን ይዤ ቀበሌው አዳራሽ ከጎልማሶች ጋር ተኮልኩዬ አንድ አንዱን የለቀምኩት ነው። አሁን በተራው አንድ አንዱን እየለቀመ የሚወስድብኝ መጣ።

ከመስቀል በኋላ ለስኳሬ ክትትል ጤና ጣቢያ ስሄድ «ዛሬ ስኳር ያለበት ሁሉ ዓይኑን ፎቶ ይነሣል» ተባለ። ዓይን ፎቶ ይነሣል ሲሉኝ እንደ መታወቂያው ፎቶ መስሎኝ ነጠላዬን አስተካከልኩ። ለካ የዓይንን ውስጥ ነው። በብሌኑ በኩል ገብቶ የኋላውን ግድግዳ የሚያነሣ ካሜራ ነው። የምትሠራበት ልጅ ሶሲ ትባላለች፤ ጸጉሯን ወደ ላይ የቋጠረች፣ ጥፍሯን አረንጓዴ የተቀባች ልጅ። መጀመሪያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነገር አሳየችኝ፤ ሹካ የመሰለ ምልክት፣ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ጎን የዞረ። «እማማ፣ ጥርሱ ወዴት እንደዞረ በእጅዎ ያሳዩኝ» አለችኝ። ደሜ ፈላ። «እኔ ፊደል የቆጠርኩ ሴት ነኝ፣ ሹካውን ለማያውቅ አሳዪ» አልኳት። ልጅቱ ቅም አላላትም። «ፕሮፌሰርም ሲመጣ ሹካውን ነው የማሳየው እማማ። ይልቅ ይሄኛው ወዴት ዞሯል?» አለችኝ። በቀኝ ዓይኔ ብዙውን አሳየሁ። በግራዬ ከትልልቆቹ በታች ሹካም ማንኪያም አልነበረም።

ከዚያ አገጬን ብረት ላይ አስደግፋ አስቀመጠችኝና አረንጓዴውን ነጥብ ይዩ አለችኝ። ብልጭ! መብረቅ ሲበርቅ ምን እንደምናደርግ እማዬ አስተምራን የለ? «በስመ አብ» ብዬ አማተብኩ። ሳማትብ ራሴ ተነቃነቀ፣ ፎቶው ተበላሸ። «እማማ፣ አይነቃነቁ» አለችኝ። ደግማ አነሣች፣ ደግሜ አማተብኩ። አስቤበት አይደለም፤ እጄ እኔን ሳይጠይቅ ነው ግንባሬ ላይ የሚደርሰው። ከኋላዬ ወረፋ የያዙት ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ፤ አንዱ «ካሜራውን እየባረኩት ነው እንዴ?» አለ። በመጨረሻ ሶሲ «እማማ፣ ማማተቡን አልከለክልዎትም፣ እኔ ጨረስኩ ስል ለሁሉም ባንዴ ያማትቡ» ብላ ሁለት እጆቼን ከጭኔ በታች አስቀመጠችልኝ። እጄ ላይ ተቀምጬ የግራው ዓይኔ ተነሣ። የቀኙ ግን ብሌኔ ጠብቦ፣ ሞራም ጀማምሮት ኖሮ እምቢ አለ።

«ሐኪሙስ የታለ?» አልኳት። «መጀመሪያ የሚያየው ኮምፒውተሩ ነው» አለችኝ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሉታል። የብዙ ሺህ ሰው ዓይን፣ የታመመውንም የጤነኛውንም እያሳዩ አስተምረውታል። አሁን አንዱን ከሌላው ራሱ ይለያል፤ እሱ የጠረጠረውን ደግሞ ሐኪም እንደገና ያየዋል። «የማንን ዓይን ነው ያሳዩት? የእኛን አገር ሰው ዓይን አይቶ ያውቃል?» ብዬ ጠየቅኋት። ሳቀች። «ሐኪሞቹም ይህንኑ ነው የሚጠይቁት፤ ለዚህ ነው በሐኪም የሚደገመው። ለማንኛውም ዛሬ የእርስዎን አየ» አለችኝ።

ወሬ ሳንጨርስ መልሱ መጣ። ስለ ቀኝ ዓይኔ «ምስሉ አይነበብም» አለ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ማሽኑ አላነብም ሲል ትንሽ ወደድኩት። ስለ ግራው ግን ቀይ ጽሕፈት አወጣ። ሶሲ ፊቷን ቶሎ ማስተካከል አልቻለችበትም፤ ገና ልጅ ናት። «ምንድን ነው? ንገሪኝ፣ በርበሬ ስነግድ የኖርኩ ነኝ፣ አልፈራም» አልኳት። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችልኝ።

የዓይኔን ውስጥ አየሁት፣ እንዳለች እህቴ። ቀይ ነው። ቀዝቅዞ ቅቤው ላዩ ላይ የረጋ ወጥ ይመስላል፤ ቢጫ ቢጫ ጠብታ እዚህም እዚያም ረግቶበታል። በጠብታዎቹ መሃል የደም ነቁጥ አለ፤ ከአንድ ጥግ የሚነሡት የደም ሥሮች ደግሞ ያበጡና የተቆለመሙ ናቸው። ኮምፒውተሩ በያንዳንዱ ነቁጥ ዙሪያ ክብ አድርጎበታል፤ መራጭ ገዥ በርበሬዬን በጣቷ እየበተነች «ይሄስ? ይሄስ?» እንደምትለኝ። ሶሲ «ቢጫው ከደም ሥሩ የፈሰሰ ስብ ነው፣ ስኳሩ ሥሮቹን አድክሟቸዋል፣ ፈሳሹ ዓይንዎ አጥርቶ የሚያይበት መሃል ላይ ስለደረሰ ነው ቀጥ ያለው የሚጎብጥብዎት» አለችኝ። ብረቱ ትዝ አለኝ፤ ሰውዬው ልክ ነበር። ይህን ለእሱ አልነግረውም፣ ለአንቺ ግን ጻፍኩልሽ።

ቀጥላ «ከቤተሰብ ዓይኑ የጠፋበት ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። እናቴ አልኳት። «ስኳር ነበረባቸው?» አለችኝ። በእኛ ጊዜ ስኳር ሻይ ውስጥ እንጂ ሰው ውስጥ መኖሩን ማን ያውቅ ነበር? ምች ነው አሉን፤ የሰው ዓይን ነው አሉን። ጠበል ለጠበል ዞርን። ከዚያ ሶሲ ውኃ ይጠማቸው፣ ቶሎ ቶሎ ውጭ ይወጡ ነበር ወይ ስትለኝ አብነት ሰፈር የነበረው የድሮ ቤታችን ጓሮ ድንገት ፊቴ ድቅን አለ። ታስታውሽ እንደሆነ፣ እማዬ ሽንቷን የምትሸናበት ቦታ ሁልጊዜ ጉንዳን ይወረው ነበር። አንቺ በእንጨት ትነካኪያቸው ነበር። እኔ ደግሞ አመድ እየነሰነስኩ አባርራቸው ነበር። ጉንዳኖቹ የሚያውቁትን እኛ ሳናውቀው እማዬ ጨለመባት። ይህን ስነግራት ልጅቱ ወረቀቷ ላይ ጻፈችው።

አንቺም የእሷ ልጅ ነሽ። ለፋሲካ ስትደውዪ ውኃ ይጠማኛል ያልሽኝን አልረሳሁም፤ ቅመም በዝቶብኝ ነው አልሽ። እባክሽ ቅመሙን ተዪና ደምሽን ታዪ። እናንተ ጋ ካሜራው ይኑር አይኑር አላውቅም፣ ደም መመርመሪያው ግን አይጠፋም። እኔ የዘገየሁትን አንቺ አትዘግዪ።

የቀኙን ዓይኔን ለማንሣት ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ያስፈልጋል ተባለ። ጠብታው ከተጨመረ በኋላ ለብዙ ሰዓት ብርሃን ስለሚወጋና ቅርብ ስለማይታይ ብቻን መሄድ አይቻልም። «ሰው ይዘው ይምጡ» አለችኝ ሶሲ። እንዲህ ስትለኝ ቀላል ነገር መስሏታል፤ እንደ መታወቂያ፣ እንደ ጃንጥላ፣ ከቤት አንሥተሽ ይዘሽ የምትወጪው።

ወደ ቤቴ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ማንን እንደምይዝ አሰብኩ። ልጅ አልወለድኩም። የአብነት ጎረቤቶቻችን ቤቱ ሲፈርስ እንደ ተልባ ተበትነው፣ አንዱ ከከተማው ጫፍ ሌላው ከዚያም ወዲያ ሄደዋል። እድር አለኝ፤ እድር ግን ለሞተ ነው የሚመጣው። ዛሬ ብሞት ድንኳን ተክለው፣ ወንበር ደርድረው፣ ሦስት ቀን ያስተዛዝኑ ነበር፤ የሚያስተዛዝኑት ማንን እንደሆነ ግን አላውቅም። በሕይወት እያለሁ ግን ግማሽ ቀን አብሮኝ የሚቀመጥ ሰው ከአርባ ቤት ሕንጻ ውስጥ ቆጥሬ ጠፋኝ። ጥፋቱ የሰው ብቻ ነው አልልም። ያንን በጫማዋ፣ ያቺን በጩኸቷ፣ ሌላዋን በልጇ ተናግሬያቸዋለሁ። አፌን ታውቂዋለሽ።

በመጨረሻ ያንኳኳሁት የአቶ ወልደ ሚካኤልን በር ነው። ሲከፍት የሌሊት ልብሱ ላይ ኮት ደርቦ ነበር። «ብረቱ እንደገና ጎበጠ?» አለኝ። መልስ በአፌ ሞልቶ ነበር፣ ዋጥኩትና ጉዳዬን ነገርኩት። «ስንት ሰዓት ነው ቀጠሮው? በሰዓቱ እንገኛለን» አለኝ። በቀጠሮው ቀን ከረባት አስሮ መጣልኝ። ለእኔ ዓይን ከረባት የሚያስር ሰው ይኖራል ብዬ አላውቅም ነበር።

ጤና ጣቢያ ጠብታውን ጨምረውልኝ ብሌኔ እስኪሰፋ ስንጠብቅ ዝም ብሎ መቀመጥ ተሳነው። ሶሲን ስለ ካሜራው፣ ስለ ኮምፒውተሩ፣ ስለ መመሪያው ሲጠይቅ ቆይቶ «እስቲ እኔንም አንሺኝ» አላት። እሱ እንደ ሐውልት ቀጥ ብሎ ፎቶ ተነሣ። ማሽኑም ወዲያው ሁለቱም ዓይኖቹ ንጹሕ ናቸው አለው። ይህንን እንዴት እንደተቀበለው ብታይ! ሹመት የተሰጠው ነው የሚመስለው። «በሰባ አንድ ዓመቴ!» እያለ ለወረፋተኛው ሁሉ አሳየ። የእኔ ተራ ደረሰ፤ እጄ ላይ ተቀምጬ ቀኙ ተነሣልኝ። በቀኙም ጀምሯል፣ ግን ገና ነው፣ በክትትል ይያዛል አለ ማሽኑ። ግራውን ሐኪሙም አየውና ከማሽኑ አልተለየም፤ በአስቸኳይ ትልቁ ሆስፒታል ሄዶ በሌዘር መተኮስ አለበት ብሎ ጻፈ።

እህቴ፣ ሌዘሩ የጠፋውን አይመልስም። ሶሲን አፍጥጬ ጠይቄያታለሁ፤ አልዋሸችኝም። የቀረውን ነው የሚያቆየው። በጨረር እየነኩ የሚያፈሰውን ያደርቁታል፣ ካልተደረገ ግን ደም ውስጡ ሊፈስና አንድ ቀን ጠዋት ስነሣ ጨለማ ሊሆን ይችላል።

ይህን ሰምቼ ስወጣ ውጭው ነጭ እሳት ነበር። ጠብታው ዓይኔን እንደ መስኮት በርግዶት የልደታ ፀሐይ ሁሉ ገባብኝ። ታክሲው፣ ሰዉ፣ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ፣ ሁሉም አንድ ላይ ቀልጦ ታየኝ። አቶ ወልደ ሚካኤል የነጠላዬን ጫፍ ይዞ ይጎትተኝ ጀመር። «ቀኝ! ግራ! ጉድጓድ!» እያለ፣ እንደ ፍየል። ሰው ዞር ዞር ብሎ ያያል። እማዬን አስታወስኩ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እሷን የመራሁ እኔ ነኝ፤ አንድ ቀን እንኳን ጎትቻት አላውቅም። ዓይኑ የጠፋ ሰው አይጎተትም፣ ትከሻ ይሰጠዋል። አንቺ ከፊት ትሄጃለሽ፣ እሱ ትከሻሽን ይዞ የመንገዱን መውጣትና መውረድ ከሰውነትሽ ያነበዋል። ነጠላዬን መነጨቅኩት። «ልቀቀኝ፣ ገና አልታወርኩም!» ብዬ ብቻዬን ስራመድ ጠርዙ አደናቀፈኝና በጉልበቴ ወደቅኩ። ሊያነሣኝ ሲመጣ እጁን ገፋሁት። «ወይዘሮ፣ እርስዎ እኮ እርዳታ አይወዱም፣ የሚወዱት መጣላት ነው» አለኝ። ከረባቱ ጠምሞ ነበር። ቤት ድረስ ከኋላዬ ራቅ ብሎ ተከተለኝ እንጂ ሁለተኛ አልተናገረኝም። በማግስቱ ሕንጻው ሁሉ የእሱን ዓይን ንጽሕና ሰምቶ ነበር፤ ስለ እኔ ዓይን ግን ለአንድ ሰው አልተነፈሰም። ይህን ሳስብ አፍራለሁ፤ ሄጄ ግን አላንኳኳሁም። ሁለተኛ ለማንኳኳት የሚሆን ፊት የለኝም።

አሁን ከልብ የማይወጣውን ልጻፍ፤ ስልኩ ቢሆን እዚህ ላይ እንጣላ ነበር። አንቺ ደብተር ይዘሽ ትምህርት ቤት ስትሄጂ እኔ የእማዬ ዓይን ነበርኩ። አንዳችን መቅረት ነበረብን፣ ትልቋ እኔ ስለሆንኩ ቀረሁ። ማንም አልጠየቀኝም። አንቺ ተምረሽ፣ አስተማሪ ሆነሽ፣ ሚዛን ተመድበሽ ሄድሽ፤ እዚያው ትዳር ያዝሽ፣ ወለድሽ። የእማዬ የሙት ዓመት ጊዜ መንገዱ ተቆርጧል ብለሽ ቀረሽ። ተቆርጦ ይሆናል። እኔ ግን በልቤ ይህን ሁሉ ዓመት ያቆየሁት ተቆርጦ እንዳልነበረ አድርጌ ነው። አንቺን የማስቀይምበት ነገር ፈልጌ አጥቼ አላውቅም። ብቻውን የሚኖር ሰው ቂም እንኳን ቢሆን አብሮት የሚያድር ነገር ይፈልጋል።

ሆኖም አንድ ነገር አልክድሽም። እሑድ እሑድ ትምህርት ስለሌለ ተራው ያንቺ ነበር። እማዬን ልደታ ማርያም የምታደርሻት አንቺ ነበርሽ። እኔ ከኋላ ሆኜ አይሽ ነበር። ትንሽ ነበርሽ፤ እማዬ ትከሻሽን ለመያዝ ጎንበስ ትል ነበር። እርምጃሽን ከእርምጃዋ አስተካክለሽ፣ ደረጃ ሲደርስ ቀድመሽ ቆም ብለሽ፣ አንድም ቃል ሳትናገሪ ታስገቢያት ነበር። እማዬ ከእኔ ጋር ስትሄድ ብዙ ጊዜ ታማርር ነበር። ከአንቺ ጋር አማርራ አታውቅም። ይህንን በዚያን ጊዜ አልወደድኩልሽም፤ ዛሬ ግን ይህችን ከተማ ሙሉ ብዞር እንዲህ አድርጎ ሰው መምራት የሚያውቅ አላገኝም።

ባለፈው ረቡዕ ሶሲ ደወለችልኝ። ሆስፒታሉ ቀን ሰጥቷል፤ ኅዳር አሥራ ስድስት፣ ማክሰኞ፣ የነቢያት ጾም በገባ ማግስት፣ ጠዋት ነው። «አስታማሚ ከሌለ ግን አይሠሩልዎትም፣ ቀኑንም ለሌላ ሰው ይሰጡታል። የሚመጡት ያ ከረባት ያሰሩት አባት ናቸው?» አለችኝ። አይደሉም አልኳት። «ታዲያ ማን ናቸው? ስማቸውን ለሆስፒታሉ ልንገር» አለችኝ። ማንም የለም ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ያንቺ ስም ነው። እህቴ ናት፣ እንዳለች ትባላለች፣ ከሚዛን ትመጣለች አልኳት። «አወይ እማማ፣ ከዚያ ሁሉ አገር? እንዴት ደስ ይላል!» ብላ እልል ልትል ምንም አልቀራት። እኔም ደስ እንዳለው ሰው «አዎ፣ እኛ እንዲህ ነን» አልኳት።

ሳልጠይቅሽ ስምሽን ሰጥቼብሻለሁ። ነገሩ ይህ ነው። የምትተዪው ቤት እንዳለሽ አውቃለሁ፤ ጋሻው ይታመማል፣ መንገዱ ሁለት ቀን ሊፈጅ ይችላል፣ ጉልበትሽም ተቀምጦ መጓዝ አይወድም። ነይ አልልሽም። በሕይወቴ ነይ ብዬሽ አላውቅም፣ ቃሉን ለመጻፍ እንኳን እጄ ገና አልለመደውም። ብትመጪ ግን መጀመሪያ አንቺም እዚሁ ሶሲ ዘንድ ሄደሽ ፎቶ ትነሺያለሽ፤ ሳታማትቢ።

በይ እንግዲህ፣ ዓይኔ ደከመ፣ ፊደሉም እየዋኘብኝ ነው። ጋሻውን ሳሉ ይተወው በይልኝ፤ ማሩን ግን አይተው፣ እዚህ የሚሸጠው ስኳር ውኃ ነው። አምሃን ግንባሩን ሳሚልኝ፤ አክስትህ ፎቶህን ስታይ አፍንጫህ የአያትህ ነው አለች በይው። ሙሌን መጽሐፍ አንብብ፣ ዓይንህ ሳለ አንብብ ብላሃለች በይልኝ፤ ይስቅ ይሆናል፣ ይሳቅ። ከጎንሽ ያለችው ጎረቤትሽ ያቺ ኮረሪማ የላከችልኝ ሴት ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ስሟን ነግረሽኝ ነበር፣ ጠፋኝ። አንቺን ደግሞ በሁለቱም ጉንጭሽ ሳምኩሽ፤ መቼም በአካል ስንገናኝ አፍረን ቶሎ ስለምንላቀቅ በወረቀት ቆየት አድርጌ ሳምኩሽ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። የማትመጪ ከሆነ አትጻፊልኝ፣ በሁመድም አትላኪብኝ፣ በስልክም አትንገሪኝ። ዝም በዪ። ያን ዕለት ጠዋት ለብሼ፣ በሬን ከፍቼ፣ ደረጃው ላይ እግር ሲመጣ እያዳመጥኩ ልጠብቅሽ።

የእናትሽ ልጅ፣
ወለተሰንበት

ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 22 ቀን 2018 ዓ.ም.